ከአርኤስኤስ እስከ ጄስቶር፦ የአሮን ስዋርትዝ አሥራ አራት ዓመታት

አሮን ስዋርትዝን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቁርጥራጭ ነው። አንዱ ሬዲትን ከመሠረቱት መካከል ይቆጥረዋል። ሌላው በአንድ ዩኒቨርሲቲ መረብ በኩል ሚሊዮኖች የጥናት ጽሑፎችን የገለበጠ ወጣት መሆኑን ያስታውሳል። ሦስተኛው በ26 ዓመቱ ራሱን ማጥፋቱን ሰምቷል። ፖድካስት የሚያዳምጥ፣ ቴሌግራም ላይ ቃል ለማድመቅ የኮከብ ምልክት የሚደረድር ወይም የአማርኛ ዊኪፔዲያን የሚያነብ ሰው ደግሞ ስሙን ሰምቶ ባያውቅም እሱ ከነካው ሥራ ወይም ከዚያ ሥራ ዘመድ ጋር በየዕለቱ ይገናኛል።

ቁርጥራጮቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ሲገጣጠሙ አንድ መስመር ይወጣቸዋል። ስዋርትዝ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያነሳው የኖረው ጥያቄ አንድ ነው፦ አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዳያገኘው የሚያግደው ምንድን ነው? መልሱ ግን እየቆየ ተለወጠ። መጀመሪያ እንቅፋቱ የቴክኒክ መስሎት ነበር። ቀጥሎ የቅጂ መብት ሕግን አየ፣ ከዚያ የመግቢያ ዋጋን፣ በመጨረሻም ሕጉንና ዋጋውን የሚወስኑትን ሰዎች። ይህን ጉዞ ራሱ በጦማሩ ላይ በየጊዜው ይጽፈው ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1986 እስከ 1999፦ ማንም የሚጽፍበት መዝገብ

ስዋርትዝ በኖቬምበር 1986 በኢሊኖይ ግዛት ተወለደ፤ ያደገውም ከቺካጎ በስተሰሜን በምትገኘው ሃይላንድ ፓርክ ነው። አባቱ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ስለነበሩ ኮምፒውተር ለልጁ እንግዳ ነገር አልነበረም። እሱ ከመወለዱ አንድ ወር ቀደም ብሎ የአሜሪካ ኮንግረስ ያለ ፈቃድ ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን የሚቀጣ አዋጅ አጽድቆ ነበር። አዋጁ የወጣው ኮምፒውተር በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በባንክ እንጂ በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ነው። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በስዋርትዝ ላይ በተከፈተው የክስ መዝገብ ይጠቀሳል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ድረ ገጽ ባለቤቱ የሚጽፈው፣ ሌላው የሚያነበው ነገር ነበር። ስዋርትዝ ግን ጎብኚው ራሱ የሚያውቀውን የሚጨምርበት ጣቢያ ሠራና «ዘ ኢንፎ ኔትዎርክ» አለው። ዊኪፔዲያ ገና አልነበረም፤ የተከፈተው በጃንዋሪ 2001 ነው። የልጁ ጣቢያ የዊኪፔዲያን ያህል ባይስፋፋም አርስዲጂታ የተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ ለትርፍ ያልተሠሩ ጠቃሚ ድረ ገጾች ላሏቸው ወጣቶች ባዘጋጀው ውድድር ከተመረጡት አንዱ ሆነ። ሽልማቱ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ማለትም ወደ ኤምአይቲ፣ መጓዝንና የኢንተርኔት ታዋቂ ሰዎችን ማግኘትን ይጨምር ነበር። ሲመረጥ 13 ዓመቱ ነበር።

ከዘጠነኛ ክፍል በኋላ መደበኛ ትምህርቱን ትቶ በአቅራቢያው ባለ ኮሌጅ ኮርሶች መውሰድ ጀመረ። አብዛኛውን ጊዜውን ግን ፕሮግራመሮች በኢሜይል በሚከራከሩባቸው ቡድኖች ውስጥ ያሳልፍ ነበር። እዚያ ማንም ዕድሜ አይጠይቅም፤ የሚጠየቀው ሐሳቡ ነው።

2000 እና 2001፦ ባለቤት ያጣው አርኤስኤስ

በዚያን ጊዜ ጦማር የሚጽፈው ሰው እየበዛ ነበር። የከበደው ማንበቡ ነው። ሃያ ጦማር የሚከታተል ሰው አዲስ ነገር መኖሩን ለማወቅ ሃያውንም እየከፈተ ማየት ነበረበት። አርኤስኤስ የመጣው ይህን ለማቅለል ነው። ድረ ገጹ ለዓይን ከሚታየው ገጽ ሌላ የአዳዲስ ጽሑፎቹን ርዕስ፣ አድራሻና ማጠቃለያ የያዘ ፋይል በቋሚ ቅርጽ ያስቀምጣል። የአንባቢው ፕሮግራም ፋይሉን በየጊዜው እየጎበኘ አዲሱን ብቻ ለይቶ ያመጣለታል። አንባቢው የመረጠውን ያገኛል፤ በመሃል ገብቶ የሚመርጥለት ኩባንያ የለም።

ቅርጹን በ1999 ያወጣው ኔትስኬፕ ነበር። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ፊቱን ሲያዞርበት አርኤስኤስ ባለቤት አጣ፤ ክርክሩም ተነሳ። የጦማር ሶፍትዌር ይሠሩ የነበሩት ዴቭ ዋይነር ማንም ጀማሪ በእጁ ጽፎ ሊያወጣው የሚችል ቀላል ቅርጽ ሆኖ እንዲቀጥል ፈለጉ። ሌላው ወገን አርዲኤፍ በተባለው የመረጃ አገላለጽ ላይ ሊገነባው አሰበ። ዓላማው ኮምፒውተር ርዕሱን ከማሳየት አልፎ ጽሑፉ ስለ ማን እንደሆነና ከምን ጋር እንደሚዛመድ እንዲረዳ ነበር። ይህ ሁለተኛው ቡድን በዲሴምበር 2000 አርኤስኤስ 1.0 የተባለውን ደንብ ሲያወጣ ከአዘጋጆቹ ስሞች መካከል የስዋርትዝ ስም ሰፈረ። ዕድሜው 14 ነበር። የሥራ ጓዶቹ በአካል እንገናኝ ብለው ሲጋብዙት እናቱ የሚፈቅዱለት እንደማይመስለው መልሶ እንደነበር ኋላ በሳቅ ይነገር ጀመር፤ ልጅ መሆኑን ያወቁት ያኔ ነው።

ከዚያም የድረ ገጽን መሠረታዊ ደንቦች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ጥምረት በአርዲኤፍ ላይ ያቋቋመው የሥራ ቡድን አባል ሆነ። በሜዳ ያሸነፈው ግን ቀላሉ ቅርጽ ነው። ዋይነር በ2002 አርኤስኤስ 2.0ን አወጡ፤ ዛሬ ፖድካስት የሚሠራጨው በዚያ ዘር ነው። ስዋርትዝም ነገሩ ገብቶታል። በዚያው ዓመት በጦማሩ በኩል «አርኤስኤስ 3.0» ብሎ ያወጣው የቀልድ ደንብ ውስብስቡን ምልክት ሁሉ አስወግዶ ተራ ጽሑፍ ብቻ አስቀረ። ቀልዱ ውስጥ ቁም ነገር ነበረ። ሰው ሁሉ እንዲጽፍበት የሚፈለግ ነገር ሰው ሁሉ ሊያነበው የሚችል መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ ከዚያ ወዲያ በሠራው ሶፍትዌር ሁሉ ላይ ይታያል።

2002 እና 2003፦ ከቴክኒክ ወደ ሕግ

በዚያው ሰሞን በስታንፎርድ ሕግ ያስተምሩ የነበሩት ሎረንስ ሌሲግ ሌላ ዓይነት እንቅፋት ይዘው ተነሥተው ነበር። በሕጉ መሠረት ጽሑፍ፣ ፎቶ ወይም ዜማ ከተሠራበት ቅጽበት ጀምሮ የቅጂ መብት አለው። ባለቤቱ «ይህን ሥራዬን ተጠቀሙበት፣ ስሜን ብቻ ጥቀሱ» ለማለት ቢፈልግ ጠበቃ ሳይቀጥር የሚልበት ቀላል መንገድ አልነበረም። ሌሲግ ከኤምአይቲው የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ሃል አቤልሰንና የድሮ መጻሕፍትን በኢንተርኔት በነፃ ከሚያወጡት ኤሪክ ኤልድሬድ ጋር በ2001 ክሪኤቲቭ ኮመንስን መሠረቱ።

ፈቃዶቹ ሦስት ንብርብር አላቸው። አንዱ ለፍርድ ቤት የሚበቃ ሙሉ የሕግ ጽሑፍ፣ ሁለተኛው ተራው ሰው በአንድ እይታ የሚረዳው ማጠቃለያ፣ ሦስተኛው ኮምፒውተር የሚያነበው ምልክት ነው። ሦስተኛውን እንዲሠራ የተጠራው የ15 ዓመቱ ስዋርትዝ ነበር። አርዲኤፍ ላይ ያጠፋው ጊዜ እዚህ ላይ ፍሬ ሰጠ። የፍለጋ ድረ ገጽ «በነፃ ልጠቀምባቸው የምችላቸውን ሥራዎች ብቻ አሳየኝ» ለሚል ሰው መልስ ሊሰጥ የሚችለው ፈቃዱ ማሽን በሚረዳው መልክ አብሮ ከተጻፈ ነው፤ ያሁና ጉግል በ2005 ይህን ፍለጋ ጀመሩ።

በኦክቶበር 2002 ስዋርትዝ ወደ ዋሽንግተን ሄደ። ኮንግረስ በ1998 የቅጂ መብትን ዘመን በሃያ ዓመት አራዝሞ ነበር፤ ኤልድሬድ ይህን ተቃውመው ያቀረቡትን አቤቱታ ሌሲግ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊከራከሩበት ነው። የኢንተርኔት አርካይቭ መሥራች ብሩስተር ኬል መብታቸው ያለቀ መጻሕፍትን ከኢንተርኔት አውርዶ እዚያው የሚያትምና የሚጠርዝ መኪና ይዘው ፍርድ ቤቱ አጠገብ ቆመው ነበር። ስዋርትዝ ችሎቱን ተከታትሎ ያየውን በጦማሩ ጻፈ። በጃንዋሪ 2003 ውሳኔው ሲነገር ኤልድሬድ 7 ለ 2 ተሸነፉ፤ በ1923 የወጡ ሥራዎች ለሕዝብ ነፃ የሚሆኑበት ጊዜ እስከ 2019 ተገፋ።

በሁለቱ መካከል፣ በዲሴምበር 2002፣ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች በሳን ፍራንሲስኮ ይፋ ሆነዋል። ዊኪፔዲያ በ2009 ወደ እነዚህ ፈቃዶች ሲዛወር የአማርኛው ዊኪፔዲያም አብሮ ተዛወረ። ፍርድ ቤት ያልፈቀደውን ጸሐፊዎች በራሳቸው ፈቃድ የሚያደርጉበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

2004፦ በተራ ፊደል መጻፍ

ጦማሪ ሁሉ የሚያማርርበት ሌላ ነገር ነበር፤ ኤችቲኤምኤል። አንድ ቃል ለማድመቅ፣ አንድ አርእስት ለማውጣት በማዕዘን ቅንፎች የተሞላ ምልክት መጻፍ ግድ ነበር። ስዋርትዝ በ2002 «ኤቲኤክስ» የተባለ ቀለል ያለ የአጻጻፍ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ አርእስት የሚታወቀው መስመሩ መጀመሪያ ላይ በሚደረግ የመሰላል ምልክት ነው። የፊላደልፊያው ጦማሪ ጆን ግሩበር በ2004 ማርክዳውንን ሲያወጡ ስለ ደንቡ አብዝተው የተመካከሩት ከስዋርትዝ ጋር ነበር፤ የመሰላሉን ምልክት አርእስትም ከእሱ ወሰዱ። ስዋርትዝ በበኩሉ ድረ ገጽን መልሶ ወደ ማርክዳውን የሚቀይር ፕሮግራም ጽፎ ኮዱን በነፃ ለቀቀው።

ማርክዳውን ኩባንያ አልነበረውም፤ ማስታወቂያም አልተነገረለትም። ዛሬ ፕሮግራመሮች የሥራቸውን ማብራሪያ የሚጽፉት በእሱ ነው፤ ቴሌግራምን የመሳሰሉ የመልእክት መተግበሪያዎችም ቃል የሚያደምቁት ከእሱ በተወረሰ ልማድ ነው። ደንቡን በኋላ አጥርተው የጻፉት ባለሙያዎች በመሰላል ምልክት የሚጀምረውን አርእስት እስከ ዛሬ «ኤቲኤክስ አርእስት» ይሉታል።

በዚያው ዓመት መኸር ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጦማሩ እየመዘገበ ቆየ፤ የጻፈው ከደስታው ይልቅ ብቸኝነቱ የሚጎላበት ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ አልተመለሰም።

ከ2005 እስከ 2007፦ ሬዲትና የዊኪፔዲያ ጸሐፊዎች

ፖል ግራሃም ለጀማሪ ኩባንያዎች ትንሽ ገንዘብና ምክር የሚሰጠውን ዋይ ኮምቢኔተርን በ2005 ክረምት በካምብሪጅ ሲጀምሩ ስዋርትዝ በመጀመሪያው ዙር ገባ። ያቀረበው «ኢንፎጋሚ» ማንም ሰው በቀላሉ ድረ ገጽ የሚሠራበት መሣሪያ ነበር። በዚያው ዙር ስቲቭ ሃፍማንና አሌክሲስ ኦሃኒያን ሬዲትን፣ ማለትም ተጠቃሚዎች ያገኙትን ገጽ የሚያጋሩበትንና ድምፅ የሚሰጡበትን ጣቢያ፣ ይሠሩ ነበር። ኢንፎጋሚ ገንዘብም ሰውም ሲያጥረው ሁለቱ በአንድ ኩባንያ ሥር ተጠቃለሉ። ስዋርትዝ የሬዲት መሥራች ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር የመጣው ከዚህ ነው፤ ሬዲት ሲጀመር አልነበረም፣ ሲያድግ ግን ከባለቤቶቹ አንዱ ነበር።

በሬዲት ውስጥ የተወው አሻራ በኮዱ ላይ ነበር። ጣቢያው ሊስፕ በተባለው ቋንቋ ተጽፎ ሲያስቸግር በ2005 መጨረሻ በፓይተን እንደገና ተጻፈ። ለዚህ ያዘጋጀውን «ዌብ ፓይ» የተባለ መሠረታዊ ፕሮግራም ስዋርትዝ በጃንዋሪ 2006 ያለ ምንም የባለቤትነት ገደብ ለሕዝብ ሰጠው። ኋላ ጉግል ለድረ ገጽ ሠሪዎች ያዘጋጀው መሣሪያና ቶርናዶ የተባለው ፕሮግራም አሠራሩን ከእሱ ተከትለዋል።

በኦክቶበር 2006 ኮንዴ ናስት የተባለው የመጽሔት አሳታሚ ሬዲትን ገዛ። ስዋርትዝ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ባለገንዘብ ሆነ፤ የቢሮ ሕይወት ግን አልተስማማውም። በ2007 መጀመሪያ ከሥራው ተሰናበተ።

ሽያጩ ከመድረሱ በፊት በሴፕቴምበር 2006 በጦማሩ ያወጣው ጥናት ምናልባት ከጻፋቸው ሁሉ ይበልጥ የተነበበው ነው። የዊኪፔዲያ መሥራች ጂሚ ዌልስ በየመድረኩ የሚናገሩት ነገር ነበር፦ ከአርትዖቱ ከግማሽ በላይ የሚሠራው በ0.7 በመቶው ተጠቃሚ፣ ማለትም በ524 ሰዎች ነው፤ ስለዚህ ዊኪፔዲያ የሚታመን የጥቂቶች ማኅበረሰብ ሥራ ነው። ስዋርትዝ ዌልስ የቆጠሩት የአርትዖቱን ብዛት መሆኑን አስተዋለ። አንድ ሰው ሙሉ ምዕራፍ ቢጽፍ አንድ ይቆጠርለታል፤ ሌላው መቶ ነጠላ ሰረዝ ቢያስተካክል መቶ። ስለዚህ እሱ ፊደሉን ቆጠረ። ስለ ተዋናዩ አለን አልዳ ከተጻፈው ገጽ ጀምሮ ያያቸው ገጾች ተቃራኒውን አሳዩ። ይዘቱን የሚያመጡት አንድ ጉዳይ በደንብ የሚያውቁ፣ ብዙዎቹም ስማቸውን ያላስመዘገቡ አልፎ ሂያጆች ናቸው፤ ነባሮቹ የመጣውን ያስተካክላሉ፣ ያደራጃሉ።

ጥናቱን የጻፈው ዊኪፔዲያን ለሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ቦርድ ምርጫ ሲወዳደር ነበር። ምርጫውን አላሸነፈም። ማኅበረሰቡ ለአዲስ ሰው በሩን ካጠበበ ይዘቱ ይደርቃል የሚለው ክርክር ግን በዊኪፔዲያ ዙሪያ በሚደረጉ ጥናቶች ውስጥ ቋሚ ቦታ አገኘ።

ከ2007 እስከ 2009፦ የሕዝብ ሰነድ በስምንት ሳንቲም

ከሬዲት ከወጣ በኋላ ብሩስተር ኬል ወደ ኢንተርኔት አርካይቭ ጠሩት። በ2007 ይፋ የሆነው ኦፕን ላይብረሪ ለታተመ መጽሐፍ ሁሉ አንድ ገጽ የመስጠት ዕቅድ ነው፤ ገጹንም እንደ ዊኪፔዲያ ማንም ሊያርመው ይችላል። ስዋርትዝ የቴክኒክ ሥራውን መራ። ሥራው ወደ አዲስ ግኝት አደረሰው። መጽሐፉን ተዉትና የመጽሐፉን ካታሎግ እንኳ ማግኘት ዋጋ ነበረው፤ ቤተ መጻሕፍት ለዘመናት ያጠናቀሩት ዝርዝር የሚሸጥ ነገር ሆኖ ነበር።

ከዚህ ወደ ፍርድ ቤት ሰነዶች መሻገር ሩቅ አልነበረም። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዝገቦች ፔሰር በተባለ ሥርዓት ይገኛሉ። ሰነዶቹ ለሕዝብ ክፍት ቢሆኑም በዚያን ጊዜ ለአንድ ገጽ 8 ሳንቲም ይከፈል ነበር። በ2008 በ17 ቤተ መጻሕፍት ነፃ ሙከራ ሲጀመር ለሕዝብ ሰነዶች ነፃነት የሚታገሉት ካርል ማላሙድ በጎ ፈቃደኞች ሄደው የቻሉትን ያህል እንዲያወርዱ ጥሪ አቀረቡ። ስዋርትዝ ግን ወንበር ይዞ በእጁ ማውረድ አላስፈለገውም፤ ፕሮግራም ጻፈ። ሥርዓቱ ደርሶበት ሙከራው እስኪቋረጥ ድረስ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ ገጾች ወርደው ነበር።

ኤፍቢአይ ጉዳዩን መረመረ፤ የወላጆቹን ቤት ሳይቀር ሄዶ አየ። ያለ ክስ በ2009 ተዘጋ። ስዋርትዝ በመረጃ ነፃነት ሕግ የራሱን የምርመራ ፋይል ጠይቆ አስመጣና በጦማሩ አወጣው። የማላሙድ ድርጅት በበኩሉ በወረዱት ሰነዶች ውስጥ መደበቅ የነበረባቸው የግለሰቦች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሮች መኖራቸውን ፈትሾ ለፍርድ ቤቶቹ አሳወቀ። በ2009 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሪካፕ ደግሞ አንዱ ከፍሎ ያወረደውን ሰነድ ለሌላው በነፃ የሚያደርስ መሣሪያ ሆነ።

በጁላይ 2008 ስዋርትዝ ጣልያን ውስጥ ሆኖ አንድ አጭር መግለጫ ጽፎ ነበር። ይዘቱ ግልጽ ነው። የመጽሔት አሳታሚዎች የተመራማሪዎችን ሥራ ቆልፈው ለሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች ይሸጣሉ። ስለዚህ መግቢያ ያለው ሰው ለሌለው የማካፈል ግዴታ አለበት፤ ሕጉ ቢከለክል እንኳ። ከዓመታት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ይህን ጽሑፍ የወንጀል ሐሳብ ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርበው ፈለገ።

2010 እና 2011፦ የኤምአይቲው ክፍል

በ2010 ስዋርትዝ በሃርቫርድ የሳፍራ የሥነ ምግባር ማዕከል ተመራማሪ ነበር፤ ርዕሱ ገንዘብ ተቋማትን እንዴት እንደሚያጣምም ነው። ከዚያ በፊት ከአንዲት የሕግ ተማሪ ጋር ከ400,000 በላይ የሕግ መጽሔት ጽሑፎችን አውርዶ ለጥናቶቹ ማን ገንዘብ እንደሰጠ ለይቷል። በጅምላ ማውረድ ለእሱ የምርምር ዘዴም ነበር።

ጄስቶር ከ1995 ጀምሮ የቆዩ የጥናት መጽሔቶችን በዲጂታል መልክ አሰባስቦ ለተቋማት በክፍያ የሚያቀርብ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ኤምአይቲ ደግሞ በሩ ክፍት በመሆኑ ይኮራል፤ እንግዳ ሆኖ ከመረቡ የተገናኘ ሰው ጄስቶርን ያገኝ ነበር። በሴፕቴምበር 2010 መጨረሻ ስዋርትዝ ላፕቶፑን በሐሰተኛ ስም ከዚህ መረብ አገናኝቶ ጽሑፎችን በፍጥነት ማውረድ ጀመረ። ጄስቶር አድራሻውን ሲዘጋበት ቀየረ፤ እንደገና ሲዘጋበት እንደገና ቀየረ። በመሃል ጄስቶር ለመላው ኤምአይቲ ለተወሰኑ ቀናት ተቋርጦ ነበር። በኋላም ላፕቶፑን በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት በሚገኝ የኔትወርክ ሽቦ ክፍል ደብቆ በቀጥታ ከሽቦው ጋር አገናኘው።

በጃንዋሪ 2011 መጀመሪያ መሣሪያው ተገኘ፤ ካሜራ ተተከለበት። ጃንዋሪ 6 ስዋርትዝ በካምብሪጅ ተያዘ። ክሱ በኋላ እንደዘረዘረው የወረዱት ሰነዶች ወደ 4.8 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ለሕዝብ ሊለቃቸው ነበር ወይስ ለምርምር፣ በይፋ ተናግሮ አያውቅም፤ አንዱም አልተሰራጨም።

ጄስቶር በጁን 2011 ፋይሎቹን ተረክቦ ከእሱ ጋር ታረቀና ክስ እንዲቀጥል እንደማይፈልግ አሳወቀ። ኤምአይቲ «ገለልተኛ ነኝ» አለ። የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ግን በጁላይ ክሱን ይፋ አደረገ፤ መሠረቱ የ1986ቱ አዋጅ ነው። በማሳቹሴትስ የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ካርመን ኦርቲዝ ስርቆት በኮምፒውተርም ተሠራ በዲጂኖ ያው ስርቆት ነው የሚል መግለጫ አወጡ። የስዋርትዝ ባልደረቦች ደግሞ ጉዳዩን ከቤተ መጻሕፍት ብዙ መጽሐፍ ተዋስክ ብሎ ሰው ከማሰር ጋር አመሳሰሉት።

በሴፕቴምበር 2011 ጄስቶር የቅጂ መብታቸው ያለቀባቸውን የቀድሞ ዘመን የአሜሪካ ጽሑፎች፣ ከ1923 በፊት የታተሙትን፣ ለሁሉም በነፃ ከፈተ።

2011 እና 2012፦ ኢንተርኔት የጠቆረበት ቀን

ክሱ በአንድ በኩል ሲሄድ ስዋርትዝ በሌላ በኩል ከሕይወቱ ሁሉ ትልቁን የፖለቲካ ትግል ይመራ ነበር። በ2010 መኸር የአሜሪካ ምክር ቤት የቅጂ መብት ይጥሳሉ የተባሉ ድረ ገጾችን ከኢንተርኔት የሚያጠፋ ረቂቅ ሕግ ቀርቦለት ነበር። የሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ በኖቬምበር ያለ አንድ ተቃውሞ 19 ለ 0 አሳለፈው። ስዋርትዝ ከዴቪድ ሲጋል ጋር «ዲማንድ ፕሮግረስ» የተባለ ድርጅት አቋቁሞ የተቃውሞ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ፤ ከ300,000 በላይ ሰው ፈረመ። ሴናተር ሮን ዋይደን ረቂቁን በመያዝ አስቆሙት።

ሐሳቡ ግን በ2011 ፒፓ እና ሶፓ በሚሉ ስሞች ተመለሰ። በጃንዋሪ 18 ቀን 2012 የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለ24 ሰዓት ጠቆረ፤ ሬዲት ለ12 ሰዓት ተዘጋ፤ ጉግል ዓርማውን በጥቁር ሸፈነ። የጉግልን ፊርማ ብቻ 7 ሚሊዮን ሰው ፈረመ። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱም ረቂቆች ወደ ጎን ተቀመጡ። የመዝናኛውን ኢንዱስትሪ ገንዘብና ተደማጭነት የሚያውቁ የዋሽንግተን ሰዎች አልጠበቁትም ነበር።

በዚህ ጊዜ ኮድ መጻፉንም አልተወም። የቀድሞ ሰርጎ ገብና በኋላ ጋዜጠኛ ከሆኑት ከኬቪን ፖልሰን ጋር ምስጢር አዋቂዎች ማንነታቸው ሳይታወቅ ሰነድ ለጋዜጠኛ የሚያቀብሉበትን ሥርዓት ይሠራ ነበር። ኮዱ ለማንም ክፍት ነበር፤ ደኅንነቱን ሁሉም እንዲፈትሸው።

ከ2012 መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ 2013

በሴፕቴምበር 2012 ክሱ ተሻሽሎ ወደ 13 ከባድ ወንጀሎች አደገ፤ በወረቀት ላይ ሲደመር እስከ 50 ዓመት እስር የሚደርስ ነው። ዐቃቤ ሕግ ጥፋተኝነቱን ካመነ በጥቂት ወራት እስር እንደሚያልቅለት ሐሳብ አቀረበ። ስዋርትዝ ወንጀለኛ የሚለውን ስም አልቀበልም አለ፤ ችሎቱ ለኤፕሪል 2013 ተቀጠረ። የጠበቃ ወጪው የሬዲትን ገንዘብ ጨርሶት ነበር። በዚያው ወቅት በጦማሩ የሚጽፈው ስለ ራስን ማሻሻል፣ ስህተትን ስለ መቀበል ነበር፤ የመጨረሻ ጽሑፉ በኖቬምበር የወጣ የባትማን ፊልም ትንተና ነው።

ጃንዋሪ 11 ቀን 2013 በብሩክሊን በሚኖርበት ቤት ራሱን አጥፍቶ ተገኘ። ክሱ ከሦስት ቀን በኋላ ተነሳ። ቤተሰቡ ለሞቱ ዐቃቤ ሕግንና ኤምአይቲን ተጠያቂ አደረጉ።

ከ2013 ወዲህ፦ የተጠናቀቀውና የቀረው

ኤምአይቲ ጉዳዩን እንዲመረምሩ የመደባቸው ሃል አቤልሰንን ነበር፤ ከስዋርትዝ ጋር በክሪኤቲቭ ኮመንስ የተገናኙትን መምህር። የጁላይ 2013 ሪፖርታቸው ተቋሙ ስዋርትዝን ዒላማ አላደረገም ብሎ ደመደመ። ሆኖም በክፍት ዕውቀት ስም የታወቀ ተቋም መሪ ሆኖ መናገር በሚገባው ጊዜ ዝም ማለቱን ጥያቄ ውስጥ አስገባ።

ሥራዎቹ ቀጠሉ። ከፖልሰን ጋር የጀመረው ሥርዓት በሜይ 2013 በኒው ዮርከር መጽሔት ሥራ ላይ ዋለ፤ በኋላ ሴኪዩርድሮፕ ተብሎ በብዙ አገሮች ጋዜጦች ተተከለ። የኢንተርኔት ታላላቅ ሰዎች መዝገብም በዚያው ዓመት ስሙን አሰፈረ።

ሕጉ ቀስ ብሎ ነው የተንቀሳቀሰው። የ1986ቱን አዋጅ ለማሻሻል በስሙ የቀረበው ረቂቅ በ2013ም በ2015ም ሳይጸድቅ ቀረ። በ2021 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ሰው ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ የመግቢያ ፈቃድ ያለው ሰው መረጃውን ላልተፈቀደ ዓላማ ስለተጠቀመበት ብቻ በዚህ አዋጅ አይቀጣም አለ። በፌብሩዋሪ 2013 ዋይት ሃውስ ትልልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በገንዘባቸው የተሠራ ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን እንዲያቅዱ አዘዘ፤ በ2022 የወጣው መመሪያ የአንድ ዓመቱን ቆይታ አስቀረ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ደንቡን ከጁላይ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋሉት።

መመሪያው የሚነካው በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሠራውን አዲስ ጥናት ነው፤ በግል ገንዘብ የተሠራውና የቀድሞው አብዛኛው ጽሑፍ አሁንም በክፍያ ይገኛል። ፔሰርም አልተነካም። የአንድ ገጽ ዋጋ ከ8 ወደ 10 ሳንቲም አድጓል፤ በሦስት ወር ውስጥ ከ30 ዶላር ያልበለጠ የሚጠቀም ሰው ግን አይከፍልም። ሪካፕ ሥራውን ቀጥሏል፤ ጠበቆችና ጋዜጠኞች ከፍለው የሚያወርዷቸው የፍርድ ቤት ሰነዶች በየዕለቱ ወደ ነፃው ክምችት ይገባሉ።